ኤድዋርድ ማይብሪጅ፤ የሩጫ ፈረስ ፎቶግራፍ አንሺ

ተማሪዎች ሆይ፣ በጥምቀት በዓል ወይም በሌላ የደስታ ቀን ፈረሰኞች ጉግስ ሲጫወቱ ተመልክታችሁ ይሆናል። ፈረሱ ሽምጥ ሲጋልብ አቧራው ይነሣል፤ የኮቴው ድምፅ እንደ ከበሮ ይደልቃል፤ ጋላቢው ወደ ፊት አጎንብሶ ዘንጉን ይሰብቃል። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በዚያች ቅጽበት ከፈረሱ አራት እግሮች መሬት የረገጠው የትኛው ነው? ወይስ አራቱም በአየር ላይ ነበሩ? መልሱን ለማግኘት ደጋግማችሁ ብትመለከቱ፣ ዐይናችሁ የተደባለቀ የእግር እንቅስቃሴ ከማየት በስተቀር የሚይዘው ነገር አይኖርም። ዕድሜውን በሙሉ ፈረስ ሲያሳድግና ሲጋልብ የኖረ ሰው እንኳ በዚህ ረገድ ከእናንተ የተሻለ ማየት አይችልም።

ይህ ጥያቄ በአውሮፓና በአሜሪካ የፈረስ ባለቤቶችንና ሥዕለኞችን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረ ነው። ሥዕለኞቹ የሚጋልብ ፈረስ ሲሥሉ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፣ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ በአየር ላይ እንደ ተንሳፈፈ አድርገው ያሳዩ ነበር። ፈረንሳዊው ቴዎዶር ዤሪኮ በ1821 የሣለው የኤፕሰም የፈረስ እሽቅድምድም ሥዕል የዚህ አሣሣል ዝነኛ ምሳሌ ነው። (በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።) ለክርክሩ መቋጫ ያበጀለት ሰው ግን ፈረሰኛም ሥዕለኛም አልነበረም። መጻሕፍት በመሸጥ ኑሮውን የጀመረ፣ ከሞት አፍ የተረፈ፣ ከዚያም የሰው ሕይወት ያጠፋ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር።

ኤድዋርድ ማይብሪጅ ሚያዝያ 9 ቀን 1830 በእንግሊዝ አገር፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው በኪንግስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ እህልና የድንጋይ ከሰል ነጋዴ ነበር፤ ልጁ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ሞተ። ሲወለድ የቤተሰቡ ስም ማገሪጅ ይባል ነበር። በኋላ ራሱ ማይግሪጅ፣ ቀጥሎም ማይብሪጅ አሰኘው፤ የመጠሪያ ስሙንም በስተርጅናው በጥንታዊ ነገሥታት ዘመን በነበረው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይጽፈው ጀመር። ስለ ስሙ ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው መሆኑን አትርሱ፤ ወደ ፊት ስለ ስም የምናነሣው ጉዳይ አለና።

ማይብሪጅ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ሄደ። በመጀመሪያ በኒው ዮርክ፣ ከዚያም ወርቅ ፈላጊዎች ይጎርፉባት በነበረችው በሳን ፍራንሲስኮ መጻሕፍት ይሸጥ ነበር። በ1860 ወደ አውሮፓ ለመሄድ ተነሣና የሚሳፈርበት መርከብ አመለጠው። ስለዚህ በሠረገላ አገር አቋርጦ ለመጓዝ ወሰነ። ሠረገላው ቴክሳስ ሲደርስ የሚስቡት እንስሳት ከቁጥጥር ውጭ ሆነው ፈረጠጡ፤ ሠረገላውም ተሰባበረ። በአደጋው ሰው ሞተ፤ ማይብሪጅም ተወርውሮ ራሱን ክፉኛ ተመታ። ራሱን ያወቀው ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ አደጋው ከደረሰበት ቦታ እጅግ ርቆ በሚገኝ ከተማ በአልጋ ላይ ተኝቶ ነበር። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየው ጀመር፤ ማሽተትና መቅመስም ተሳነው። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በለንደን በዝነኛው ሐኪም በሰር ዊልያም ገል እጅ ታከመ። ከሠረገላው ባለቤቶችም 2,500 ዶላር ካሳ አገኘ። ወዳጆቹ በኋላ በፍርድ ቤት ቀርበው እንደ መሰከሩት፣ ከዚያ አደጋ ወዲህ ማይብሪጅ የቀድሞው ሰው አልነበረም። ቀድሞ ተግባቢና ደስተኛ የነበረው ሰው ቁጡና ግራ የሚያጋባ ሆኖ ተመለሰ።

ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲመለስ ግን አዲስ ሙያ ይዞ ነበር፤ ፎቶግራፍ ማንሣትን በሚገባ ተምሯል።

በዚያን ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበረ ለመረዳት እስቲ ሥራውን በዐይነ ልቡናችሁ ተከተሉት። ፎቶግራፍ አንሺው በጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኖ የመስተዋት ሰሌዳ በተጣባቂ ፈሳሽ ይቀባል፤ ሰሌዳውን ብርሃን የሚቀበል ጨው ባለበት መዝፈቂያ ውስጥ ይነክራል፤ ሳይደርቅ ወደ ካሜራው ይወስደዋል፤ ሥዕሉን ካነሣም በኋላ አሁንም ሳይደርቅ ወደ ጨለማው ክፍል መልሶ ያጥበዋል። ሰሌዳው ከደረቀ ሁሉ ነገር ከንቱ ነው። ስለዚህ በተራራና በበረሃ የሚሠራ ሰው ድንኳኑን፣ መድኃኒቱንና የመስተዋት ሰሌዳውን ሁሉ በበቅሎ ወይም በጋሪ ጭኖ መዞር ነበረበት። ማይብሪጅ ይህን ሁሉ ችሎ በዮሴሚቲ ሸለቆ የሚገኙትን ገደሎችና ፏፏቴዎች አነሣ። በ1872 እንደገና ወደዚያው ሲሄድ ርዝመታቸው ከግማሽ ሜትር የሚበልጥ ሰሌዳዎች ይዞ ነበር። በ1868 ወደ አላስካ ተጉዟል፤ በ1871 ደግሞ በባሕር ዳር የሚገኙትን የመርከብ መምሪያ ፋኖስ ቤቶች እየዞረ አንሥቷል። የሰማዩ ብርሃን በሰሌዳው ላይ እየበረታ ሥዕሉን ቢያበላሽበት፣ የሰማዩን ክፍል ብቻ ቀድሞ የሚሸፍን መከለያ በገዛ እጁ ፈለሰፈ። እንግዲህ ማይብሪጅ የመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ አንሺ ብቻ ሳይሆን፣ ካሜራ ብርሃንን የሚቀበልበትን ጊዜ እንደ ፈለገ ለማሳጠርና ለማስረዘም የሚታገል የእጅ ባለሙያ ነበር ማለት ነው። ከፈረስ ጋር ያገናኘውም ይኸው ችሎታው ነው።

ሊላንድ ስታንፎርድ የካሊፎርንያ አገረ ገዥ የነበረ፣ የትልቅ የባቡር መንገድ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የሆነና ለሩጫ ፈረሶች ገንዘቡን የማይሰስት ሰው ነበር። ፈረሶቹ በምን ዓይነት አረማመድ እንደሚሮጡ በትክክል ቢያውቅ አሠልጥኖ ይበልጥ ፈጣን ሊያደርጋቸው እንደሚችል ያምን ነበር። በ1872 ማይብሪጅን አስጠርቶ ኦክሲደንት የተባለውን ዝነኛ ፈረሱን በሶምሶማ ሲሮጥ እንዲያነሣለት ጠየቀው። ስታንፎርድ በዚህ ነገር 25,000 ዶላር ተወራርዶ እንደ ነበረ የሚተርኩ ብዙ ናቸው። ታሪኩ ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ ለውርርዱ አስተማማኝ ማስረጃ ስላልተገኘ ተረት ነው ብሎ መያዙ ይሻላል።

ሥራው እንዴት አስቸጋሪ እንደ ነበረ በቁጥር እንመልከተው። አንድ ጥሩ የእሽቅድምድም ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ዐሥራ ስድስት ሜትር ያህል ይጓዛል። ካሜራው ለአንዲት ሴኮንድ ያህል ብርሃን ቢቀበል፣ በሰሌዳው ላይ የሚቀረው ፈረስ ሳይሆን ዐሥራ ስድስት ሜትር የሚረዝም ጉም ይሆናል። የዚያን ጊዜው ሰሌዳ ደግሞ ጥሩ ሥዕል ለመስጠት ብዙውን ጊዜ ከሴኮንድ በላይ ብርሃን ይፈልግ ነበር። ማይብሪጅ ከፈረሱ በስተኋላ ነጭ አንሶላ ዘርግቶ ብርሃኑን አበረታ፤ ካሜራው በቅጽበት ተከፍቶ እንዲዘጋም አደረገ። ሆኖም የተገኘው እንደ ጥላ የደበዘዘ መልክ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ በ1873 የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ስለ ሙከራው ጽፏል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ለጥቂት ዓመታት ተቋረጠ፤ ምክንያቱም የሚያሳዝን ነው። ማይብሪጅ በ1871 ፍሎራ የተባለች ከርሱ በብዙ ዓመት የምታንስ ሴት አግብቶ ነበር። በ1874 ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሚስቱ ሃሪ ላርኪንስ ከተባለ ሰው ጋር እንደ ወዳጀችና ልጁም የርሱ ላይሆን እንደሚችል የሚያመለክት ነገር አገኘ። በዚያው ቀን በመርከብ፣ በባቡርና በጋሪ ተጉዞ ላርኪንስ ወደ ነበረበት ቤት በሌሊት ደረሰና በሽጉጥ ተኩሶ ገደለው። ለማምለጥም አልሞከረም።

ጠበቆቹ በ1875 በፍርድ ቤት ሲከራከሩለት፣ በሠረገላው አደጋ አእምሮው ስለ ተነካ በሥራው አይጠየቅም ብለው ነበር። ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ይህን አልተቀበሉም። እብድ አይደለም ብለው፣ ነገር ግን የሚስቱን ወዳጅ የገደለ ባል በደል አልፈጸመም በማለት በነፃ ለቀቁት። እንዲህ ያለው ፍርድ በሕጉ የተደገፈ ሳይሆን በዘመኑ ልማድ የተሰጠ ነበር። ለአንባቢ የሚከብደው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ፍሎራ በዚያው ዓመት ታማ ሞተች፤ ሕፃኑም የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገባ። ልጁ ካደገ በኋላ በከብት እርባታና በአትክልት ሠራተኛነት ሲኖር፣ ማይብሪጅ እንደ አባት አልቀረበውም። የሚደነቀውን ሥራውን ስናነብ ይህንንም አብረን ማንበብ አለብን።

ማይብሪጅ ከፍርድ ቤት እንደ ወጣ ወደ መካከለኛው አሜሪካ ሄዶ በጓቲማላ የቡና እርሻዎችን ሲያነሣ ከረመ። ተመልሶ መጥቶም ከስታንፎርድ ጋር ሥራውን ቀጠለ። በ1877 የኦክሲደንትን ሩጫ አንሥቻለሁ ብሎ አንድ ሥዕል ለጋዜጦች አሳየ። ሥዕሉ እጅግ የጠራ ነበር፤ ከመጠን በላይ የጠራ መሆኑ ግን ጥርጣሬ አስነሣ። እውነትም የቀረበው ሥዕል በቀጥታ ከካሜራ የወጣ አልነበረም፤ አንድ ሥዕለኛ ፎቶግራፉን አይቶ በቀለም የሣለው፣ ከዚያም እንደገና ፎቶግራፍ የተነሣ ነበር። በዚያን ዘመን ፎቶግራፍን በብሩሽ ማስተካከል የተለመደ ሥራ ነው። ነገር ግን ዐይን ሊያየው የማይችለውን ነገር አሳያለሁ ለሚል ሰው ጉዳዩ የተለየ ነው። ተመልካቹ እውነት መሆኑን በራሱ ዐይን ሊያረጋግጥ አይችልምና፣ በብሩሽ የተነካ ሥዕል ለክርክሩ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ማይብሪጅ እንዲታመን ከፈለገ ሥራውን በምስክር ፊት መሥራት ነበረበት።

ስለዚህ በ1878 በፓሎ አልቶ በሚገኘው በስታንፎርድ የፈረስ እርባታ ላይ አዲስ ዝግጅት ተደረገ። በመሮጫው በአንድ ወገን ረዥም መጠለያ ተሠርቶ ዐሥራ ሁለት ካሜራዎች በመስመር ተደረደሩ። በሌላው ወገን ደግሞ ከነጭ ጨርቅ የተሠራና የርቀት መስመሮች የተሠመሩበት ግድግዳ ቆመ። በእያንዳንዱ ካሜራ ፊት ቀዳዳ ያለው መዝጊያ ነበር፤ መዝጊያው በኤሌክትሪክ ኃይል ከተያዘበት ሲለቀቅ በሚያስደንቅ ፍጥነት ይወረወርና፣ ቀዳዳው በሌንሱ ፊት በሚያልፍባት ቅጽበት ብቻ ብርሃን ይገባል። ይህን የኤሌክትሪክ ዘዴ በማዘጋጀት ረገድ ጆን አይዛክስ የተባለው የባቡር ኩባንያው ወጣት መሐንዲስ ረድቶታል። በዚህ መንገድ አንዱ ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ከሴኮንድ ሁለት ሺኛ ክፍል ያነሰ መሆኑን ማይብሪጅ አስታወቀ። ከላይ ያደረግነውን ስሌት ብትቀጥሉበት፣ በዚህች ጊዜ ውስጥ የሚጋልበው ፈረስ የሚጓዘው አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነው።

ሰኔ 15 ቀን 1878 ጋዜጠኞችና የፈረስ ዐዋቂዎች ተጠርተው መጡ። በመጀመሪያ አቤ ኤጂንግተን የተባለው ፈረስ ባለ ሁለት ጎማ ቀላል ጋሪ እየሳበ በሶምሶማ አለፈ። የጋሪው ጎማ በመሬት ላይ የተዘረጉትን ሽቦዎች በተራ ሲጫን ካሜራዎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ቀጥሎ ሳሊ ጋርድነር የተባለችው ባዝራ ሽምጥ ጋለበች። እርሷ ጋሪ ስለማትስብ፣ በመንገዷ ላይ በደረቷ ትክክል ቀጫጭን ክሮች ተወጥረው ነበር፤ እየበጠሰች ስታልፍ ክሮቹ ካሜራዎቹን አስነሡ። ባዝራይቱ በክሮቹ በርግጋ ብትዘል ኮርቻውን ከሆዷ ጋር የሚያስረው ጠፍር ተበጠሰ።

ማይብሪጅ ሰሌዳዎቹን እዚያው በጨለማ ክፍል አጥቦ እንግዶቹ ሳይበተኑ አሳያቸው። የተበጠሰው ጠፍር በሥዕሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር። ያን ቀን ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ተመልካቾቹን ያሳመናቸው ይህ ያልታሰበ አደጋ ነው፤ ከደቂቃዎች በፊት በፊታቸው የሆነውን ነገር አስቀድሞ ቀለም ነክሮ ሊሥለው የሚችል ሰው የለምና።

ሰኔ 19 ቀን የተነሡትና በዓለም ሁሉ የታወቁት የሳሊ ጋርድነር ሥዕሎች ደግሞ ክርክሩን ጨረሱት። ካሜራዎቹ እርስ በርሳቸው ወደ ሰባ ሳንቲ ሜትር ያህል የተራራቁ ነበሩ፤ ዐሥራ ሁለቱ ሥዕሎች የተነሡት ግማሽ ሴኮንድ ያህል በሚሆን ጊዜ ውስጥ ነው። በሶምሶማም ሆነ በሽምጥ ግልቢያ የፈረስ አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁባት ቅጽበት አለች። ነገር ግን ሽምጥ በሚጋልብ ፈረስ ይህች ቅጽበት የምትገኘው፣ ሥዕለኞች ሲሥሉት እንደ ኖሩት እግሮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲዘረጉ አይደለም። አራቱም እግሮች ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው! ስታንፎርድ አራቱም እግሮች ይነሣሉ ማለቱ ትክክል ነበር፤ ሥዕለኞቹ ግን ለዘመናት ያላዩትን ነገር እንዳዩት አድርገው ሥለዋል። አንዳንዶቹ ተናደዱ፤ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ፈረስ ያስጠላል፣ እንዲህ የተሰበሰበ ፈረስ አይሮጥም አሉ። ሌሎቹ ግን ተማሩበት። በፈረስ ሥዕል ወደር የለውም ይባል የነበረው ፈረንሳዊው ሜሶንዬ በመጀመሪያ ተጠራጥሮ በኋላ የማይብሪጅ ታላቅ ደጋፊ ሆነ፤ ኤድጋር ዴጋም የማይብሪጅን ሥዕሎች እያየ የፈረስ እግር አጥንቷል። የፈረስ ሥዕል በምታዩበት ጊዜ እናንተም እግሮቹን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ።

በሚቀጥለው ዓመት ካሜራዎቹ ሃያ አራት ሆኑ። ማይብሪጅ ዙፕራክሲስኮፕ የተባለ መሣሪያም ሠራ። ይህ መሣሪያ በመስተዋት ክብ ሰሌዳ ዙሪያ የተሣሉትን ተከታታይ የፈረስ መልኮች በፋኖስ ብርሃን እያዞረ በነጭ መጋረጃ ላይ የሚያሳይ ነው። በ1880 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ ሰዎች አንድ ፈረስ በመጋረጃ ላይ ሲጋልብ አዩ። ይህ የሆነው የፈረንሳዮቹ የሉሚዬር ወንድማማቾች ሲኒማ በ1895 ለሕዝብ ከመታየቱ ዐሥራ አምስት ዓመት ቀድሞ ነው።

ማይብሪጅ በ1881 ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በፓሪስ ሊቃውንትና ሥዕለኞች አከበሩት፤ መጋቢት 13 ቀን 1882 በለንደን የንጉሣዊ ተቋም ንግግር ሲያደርግ አልጋ ወራሹ ሳይቀር ተገኝቶ ነበር። ክብሩ ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት ስለ ፈረስ እንቅስቃሴ የሚናገር አንድ ትልቅ መጽሐፍ በአሜሪካ ታተመ። መጽሐፉን ያሳተመው ስታንፎርድ ነው፤ በርዕሱ ገጽ ላይ የሠፈረው የስታንፎርድ ወዳጅ የሐኪሙ የስቲልማን ስም ነው። በውስጡ ያሉት ሥዕሎች ከማይብሪጅ ፎቶግራፎች የተቀዱ ሆነው ሳለ፣ ስሙ ግን በርዕሱ ገጽ ላይ አልነበረም፤ በስታንፎርድ ገንዘብ እንደ ተቀጠረ ሠራተኛ ብቻ ነበር የተጠቀሰው። በለንደን የሚገኘው የሊቃውንት ማኅበር የማይብሪጅን ጽሑፍ ለማተም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ይህን መጽሐፍ ሲያይ ሥራው የራሱ መሆኑን ተጠራጥሮ ጽሑፉን መለሰለት። ማይብሪጅ ስታንፎርድን ከሰሰው፤ በክሱም አልረታም።

እንግዲህ ፍረዱ። ፈረሶቹ፣ ሜዳውና ብዙ ሺሕ ዶላር የሚሆነው ወጪ የስታንፎርድ ነበሩ፤ ጥያቄውንም አስቀድሞ ያነሣው እርሱ ነው። ዘዴውን ያገኘውና በእጁ የሠራው ደግሞ ማይብሪጅ ነው፤ መሐንዲሱ አይዛክስም ድርሻ አለው። በእኔ አስተያየት ገንዘብ ያወጣ ሰው የሥራውን ውጤት ቢወስድም የሠሪውን ስም መውሰድ አይገባውም። ከእናንተ መካከል ሌላ አሳብ ያለው ቢኖር ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርብ።

በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው ማይብሪጅ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀመረ። ከ1884 ጀምሮ የፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ በፊላዴልፊያ ቦታና ገንዘብ ሰጠው። በዚህ ጊዜ ደረቅ ሰሌዳ በመፈልሰፉ ሥራው ቀልሎለታል። ፈረሶችን ብቻ ሳይሆን በቅሎዎችን፣ ውሾችን፣ ወፎችንና የሰውን አካሄድ ጭምር ሲያነሣ ቆይቶ፣ በ1887 የእንስሳት እንቅስቃሴ የተባለውን 781 ሰሌዳዎች ያሉትን ሥራ አወጣ። በዚህ ሥራ ላይ ስሙ በጉልህ ታትሟል። ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረም፤ አንድ ሰው መቶ ሰሌዳ መርጦ ለመግዛት መቶ ዶላር መክፈል ነበረበት። በ1888 ዙፕራክሲስኮፑን ይዞ ቶማስ ኤዲሰንን አነጋገረ። በ1893 በቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የራሱ አዳራሽ ተሠርቶለት የሚሮጡ ፈረሶቹን እያሳየ ንግግር አደረገ፤ ገቢው ግን እንዳሰበው አልሆነም።

በ1894 ወደ ተወለደባት ከተማ ተመለሰና በዘመዶቹ ዘንድ ተቀመጠ። ሰሌዳዎቹን ከመሣሪያው ጋር ለኪንግስተን ከተማ ተናዝዟል፤ እስከ ዛሬም በከተማይቱ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ግንቦት 8 ቀን 1904 በሰባ አራት ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በዎኪንግ ተቀበረ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ስሙን የቀረጸው ሰው አንዲት ፊደል ስቶ፣ ማይብሪጅ በማለት ፋንታ ሜይብሪጅ ብሎ ጽፎታል።